ሕዋስ የሚጨርሰው ኪኒን

ጎረቤታችን እትዬ የመድኃኒት ጠርሙሳቸውን ተቀብለው ከጤና ጣቢያው እንደወጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ክዳኑን ከፍተው ጥጥ መጠቅጠቅ ነው። ታክሲ ውስጥ ቦርሳቸው ሲነቃነቅ ኪኒኑ እንዳይንኳኳ፣ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ዞር ብሎ እንዳያያቸው ነው። እቤት ሲደርሱ ጥጡን አውጥተው ለሚቀጥለው ጊዜ ያስቀምጡታል። አንድ ምሽት የሁለት ሰዓት ዜና ሊጀምር ሲል፣ እንደ ልማዳቸው አንዷን ኪኒን መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩዋትና፣ «ልጄ፣ ይቺ ሆዴ ገብታ ምንድን ነው የምትሆነው?» አሉኝ።

«ቫይረሱ እንዳይራባ ታደርጋለች» አልኳቸው።

«እሱንማ ነርሷም ነግራኛለች። እኔ የምጠይቅህ እንዴት አድርጋ ነው።»

ዜናው ጀመረና ወሬያችን ተቋረጠ። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ከረመ።

ያቺ ነጭ ኪኒን በውስጧ ሦስት መድኃኒቶች ይዛለች፤ 300 ሚሊግራም ቴኖፎቪር፣ 300 ሚሊግራም ላሚቩዲን፣ 50 ሚሊግራም ዶሉቴግራቪር። ዶሉቴግራቪር እንደተዋጠ ሥራውን መሥራት የሚችል፣ ያለቀለት መሣሪያ ነው። ሁለቱ ግን ያላለቁ ናቸው። እንደተዋጡ ቢቀሩ ቫይረሱን ምንም አያደርጉትም። የሚያልቁት ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብተው፣ የሕዋሱ የራሱ ኢንዛይሞች ተቀባብለው ሲሠሯቸው ነው። አንጥረኛ ብሩን አቅልጦ ቅርጹን ካወጣ በኋላ ማጠናቀቂያውን ለማያውቀው ሰው እጅ ትቶለት እንደመሄድ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የሚሠራው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለ ድፍረትና እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አንድ ላይ የተገኙበት የሰው እጅ ሥራ ብዙ አላውቅም።

ኤች አይ ቪ ዘረ መሉን የሚይዘው በአርኤንኤ ነው። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ ይገለብጠዋል፤ ገልባጩም ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የሚባለው፣ ቫይረሱ ይዞት የሚመጣው ኢንዛይም ነው። ዲኤንኤን እንደ አንገት ድሪ እንየው። ድሪው ዘለበት በዘለበት ይረዝማል፤ የዚህ ቫይረስ ድሪ ወደ 9,700 ዘለበት ይደርሳል፣ የዘለበቱም ዓይነት አራት ነው። እያንዳንዱ ዘለበት መካከሉ ላይ ትንሽ የስኳር ቀለበት አለችው። ከቀለበቷ በአንዱ ወገን ሦስት ፎስፌቶች ተከታትለው ተንጠልጥለዋል። ዘለበቱ ከድሪው ሲገጠም ሁለቱ ፎስፌቶች ተበጥሰው ይወድቃሉ፤ ለመግጠሚያው ጉልበት የሚሆነው የእነሱ መበጠስ ነው። በሌላው ወገን፣ የኬሚስትሪ ሰዎች ሦስተኛው ካርቦን በሚሉት ቦታ፣ አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን ተጣምረው ተቀምጠዋል። የሚቀጥለው ዘለበት የሚያያዘው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ማያያዣ አንሥቶ ሌላውን ሁሉ እንዳለ መተው፣ ሐሳቡ በአጭሩ ይኸው ነው። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ሐሰተኛውን ዘለበት ከእውነተኛው ሳይለይ አንሥቶ ይገጥመዋል። ቀጣዩን ይዞ ሲመጣ ግን የሚያያዝበት የለም፤ ድሪው እዚያው ይቆማል። የእኛ ዋና ዋና የዲኤንኤ ገልባጮች የተሳሳተ ዘለበት ሲገባባቸው ወደ ኋላ ተመልሰው የሚቆርጡበት ላጲስ አላቸው። የቫይረሱ ገልባጭ ይህ የለውም። ቸኩሎ ይሠራል፣ የሠራውን አያርምም። መድኃኒቶቹ የተሠሩት በዚህ ጥድፊያው ልክ ነው።

እንግዲህ ማያያዣ የሌለውን ዘለበት ከነሦስት ፎስፌቱ ሠርቶ መስጠት አይቀልም ወይ? አይሆንም። እያንዳንዱ ፎስፌት ኔጌቲቭ ቻርጅ ይሸከማል፤ ሕዋስን የከበበው ሽፋን ደግሞ ቅባት ነው። ቻርጅ ያለው ነገር ውሃ ይወዳል፣ ከቅባት ጋር አይስማማም። ባለሦስት ፎስፌቱ መድኃኒት በአፍ ቢሰጥ ሕዋሱ ደጅ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ መድኃኒቱ ራቁቱን ይገባና ውስጥ ይለብሳል። ከለበሰ በኋላ ደግሞ ያው ቻርጅ መውጫ ይነሳዋል። ሲገባ የነበረው በር ሲለብስ ይዘጋበታል ማለት ነው። ሕዋስ የራሱን ዘለበቶችም ሾልከው እንዳይጠፉበት የሚጠብቀው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ሠሪዎቹ አዲስ ወጥመድ አላበጁም፣ የነበረውን ነው የተጠቀሙበት።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሠሪዎች የገጠማቸውን ችግር ለመረዳት ከእነሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የመጣውን አሲክሎቪርን ማየት ይጠቅማል። ገርትሩድ ኤሊዮን የምትመራው ቡድን በቤሮውስ ዌልካም ኩባንያ ለሄርፒስ ቫይረስ የሠራው መድኃኒት ነው። ኤሊዮን እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዷ ነች። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ካልገለጽኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሲክሎቪር የመጀመሪያውን ፎስፌት የሚለብሰው ሄርፒስ ራሱ በሚያመጣው ኢንዛይም ነው፤ ጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ራቁቱን ገብቶ ራቁቱን ይወጣል። ቫይረሱ መጥፊያውን በእጁ ይለኩሳል። ኤች አይ ቪ ግን እንዲህ ያለ ኢንዛይም ይዞ አይመጣም። ማልበሱ የሚሠራው በእኛ ኢንዛይሞች ብቻ ነው፣ በበሽተኛውም በጤነኛውም ሕዋስ ውስጥ። ስለዚህ መድኃኒቱ ሦስት ጊዜ እውነተኛ መስሎ ማለፍ፣ በአራተኛው ላይ ብቻ ሐሰተኛ ሆኖ መገኘት አለበት። ልዩነቱ ከበዛ በመጀመሪያው በር ይያዛል፤ ካነሰ ደግሞ ድሪውን አያቆምም።

የመጀመሪያው ያለፈው ኤዜድቲ ነው፤ ዚዶቩዲንም ይባላል። የሠራው ጀሮም ሆርዊትዝ ነው፤ በ1964 በዲትሮይት፣ የካንሰር መድኃኒት ሲፈልግ። ታይሚዲን የሚባለውን ዘለበት ወስዶ ማያያዣውን አነሣና በቦታው ሦስት ናይትሮጅኖች በአንድ መስመር የተሰደሩባትን አዛይድ የምትባል ዘንግ ተከለ። ካንሰሩን አላቆመለትም፤ ሥራውም ወደ መደርደሪያ ተመለሰ። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1985፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሳሙኤል ብሮደር፣ ሂሮአኪ ሚትሱያና ባልደረቦቻቸው ቤሮውስ ዌልካም የላከላቸውን ናሙና በኤች አይ ቪ ላይ ሲሞክሩት ሕዋሶቹ ተረፉ። በመጋቢት 1987 ተፈቀደ።

እዚህ ላይ መቆም እወዳለሁ፤ ለዚያች የሦስት ናይትሮጅን ዘንግ ስል። በዚያች ቦታ የሆርዊትዝ ሐሳብ ማያያዣውን ማስወገድ ብቻ ነበር። ዘንጓ ግን መድኃኒቱ በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ላይ በየቦታው ሌላ ሥራ ስትሠራ ትገኛለች።

መጀመሪያ የሕዋሱ ሽፋን ላይ። ተፈጥሯዊው ታይሚዲን ወደ ሕዋስ ለመግባት አስተላላፊ ፕሮቲን ይፈልጋል፣ ደጅ ጠንቶ ነው የሚገባው። ኤዜድቲ ግን አዛይዷ ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን ጥንድ ይልቅ ለቅባት የምትቀርብ በመሆኗ፣ አስተላላፊ ሳይለምን በቅባቱ ውስጥ ሰርጎ ይገባል።

ከዚያ የመጀመሪያው እጅ ይቀበለዋል። ታይሚዲን ካይኔዝ ይባላል፤ ኤቲፒ ከሚባለው ሞለኪውል ላይ አንድ ፎስፌት ቆርጦ ታይሚዲን ላይ መትከል ሥራው ነው። በቤሮውስ ዌልካም የነበሩት ፊሊፕ ፈርማንና ባልደረቦቹ ይህን በ1986 ለክተው አሳትመዋል፤ ቁጥሮቹ እስከዛሬ ያስደንቁኛል። ኢንዛይሙ ኤዜድቲን የሚይዝበት ጥብቀት ታይሚዲንን ከሚይዝበት አይለይም ማለት ይቻላል፤ የሚያለብስበት ፍጥነትም የታይሚዲኑን 60 በመቶ ያህል ነው። ዓይኑ ሥር ያለፈችውን ዘንግ አላያትም። ይህ ኢንዛይም ሕዋሱ ለመከፈል ሲዘጋጅ በብዛት ይሠራል፣ ሕዋሱ ሲያርፍ ደግሞ ይመናመናል። ኤዜድቲም በደንብ የሚለብሰው ሥራ ላይ ባሉ ሕዋሶች ውስጥ ነው።

ሁለተኛው እጅ ግን ያያታል። ታይሚዲሌት ካይኔዝ ነው፤ ባለአንዱን ፎስፌት ተቀብሎ ባለሁለት የሚያደርገው። የፈርማን መለኪያ እዚህ ላይ ሌላ ታሪክ ይናገራል። ኢንዛይሙ ባለአንድ ፎስፌቱን ኤዜድቲ ተቀብሎ ይይዘዋል፤ የሚሠራበት ፍጥነት ግን ከተፈጥሯዊው 0.3 በመቶ ብቻ ነው። አንድ ሺህ እውነተኛ ዘለበቶች በሚያልፉበት ጊዜ ሐሰተኞቹ ሦስት ብቻ ያልፋሉ። ሌሎቹ ደጁ ላይ ይከማቻሉ፤ ኤዜድቲ የሚወስድ ሰው ሕዋስ ቢታይ ከመድኃኒቱ ብዙው ባለአንድ ፎስፌት ሆኖ የቆመ ነው።

ለምን? መልሱ የመጣው በ1997 ነው፤ በጀርመን ማክስ ፕላንክ ተቋሞች የሚሠሩ ተመራማሪዎች የእርሾን ታይሚዲሌት ካይኔዝ ከባለአንድ ፎስፌቱ ኤዜድቲ ጋር ክሪስታል አድርገው በኤክስሬይ ሲያዩት። ይህ ኢንዛይም ፎስፌቱን የሚያቅፍበት አንድ የታጠፈ ክር አለው። ክሩ ላይ የምትገኝ አስፓርቴት የምትባል አሚኖ አሲድ ክንዷን ዘርግታ የስኳሯን ማያያዣ፣ ያንን ኦክስጅንና ሃይድሮጅን፣ ትይዛለች። ያዝ ስታደርገው ክሩ በሙሉ ቦታው ላይ ይረጋል፤ ሲረጋ ፎስፌቱ በትክክል ይተላለፋል። ኤዜድቲ ሲገባ ግን በዚያ ቦታ የሚያዝ ማያያዣ የለም፣ ዘንጓ ነች ያለችው። አስፓርቴቷ ትገፋለች፤ ከእሷ ጋር ክሩ ሁሉ ትንሽ ይሸሻል። የሸሸው ከአንድ አቶም ስፋት ባነሰ ርቀት ነው። ያቺ ታህል መሸሽ ፍጥነቱን እንዲያ ጣለችው።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር እጅግ የተካነ የእጅ ሥራ አዋቂ ሰው ፊት የቆምኩ ይመስለኛል። በር ማጠፊያ ላይ የገባ ብናኝ በሩን ባይዘጋው እንኳ እንዲጮኽ ያደርገዋል፤ እዚህ ግን ብናኙ ራሱ ከአቶም ያነሰ ርቀት ነው። ይበልጥ የሚገርመው የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ተመሳሳይ ኢንዛይም ኤዜድቲን ያለብዙ ችግር ማስተናገዱ ነው። በእርሾውና በሰው ኢንዛይም ውስጥ ለሥራው ወሳኝ የሆነች አንዲት አርጂኒን እዚያው ክር ላይ ተቀምጣለች፤ ክሩ ሲገፋ አብራ ትገፋለች። ባክቴሪያው ግን አርጂኒኗን ያስቀመጣት ሌላ ቦታ፣ ከላይ በሚከደነው ክፍል ላይ ነው፤ ክሩ ቢገፋም እጇ አይንቀጠቀጥም። የጀርመኖቹ ተመራማሪዎች ይህን አይተው የሰውን ኢንዛይም ክዳን በባክቴሪያው ዓይነት ክዳን ቢቀይሩት፣ የተቀየረው ኢንዛይም ኤዜድቲን በፍጥነት አለበሰው። አንድን ነገር በትክክል መረዳት እንዲህ ነው፤ ጠግነህ ስታሳየው።

ሦስተኛው እጅ ለጋስ ነው። ኑክሊዮሳይድ ዳይፎስፌት ካይኔዝ ከአራቱ ዘለበቶች የትኛውንም ቢሰጡት ሳይመርጥ ሦስተኛውን ፎስፌት ይተክላል። እዚህ ጋር ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የመጨረሻው ፈተና ነው። የፈርማን ቡድን እንደለካው፣ ያለቀው ባለሦስት ፎስፌት ኤዜድቲ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝን የሚያግደው አልፋ የሚባለውን የሰው ዲኤንኤ ገልባጭ ከሚያግደው ወደ መቶ እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ነው። ቫይረሱን ለይቶ የሚመታው በዚህ ብቻ ነው። ያቺ ዘንግ እዚህ ደርሳ ነው የመጀመሪያ ሥራዋን የምትሠራው፤ ማያያዣ በሚፈለግበት ቦታ ሆና ድሪውን ታቆማለች።

በ282 ሕሙማን ላይ የተደረገው ሙከራ በመስከረም 1986 ከጊዜው ቀድሞ እንዲቆም የተወሰነው፣ ባዶ ኪኒን ከሚወስዱት 19 ሰዎች ሲሞቱ ኤዜድቲ ከሚወስዱት የሞተው 1 ሰው ብቻ ስለነበረ ነው። ሆኖም መድኃኒቱ ቅጣት ነበረው። ደም ውስጥ ካለው ግማሹ የሚጠፋው በአንድ ሰዓት ያህል ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች በየ4 ሰዓቱ፣ ሌሊትም እየተነሡ ይውጡት ነበር። የደም ማነስም ያመጣ ነበር። የኋላ ኋላ በቀን ሁለት ጊዜ መዋጥ የተቻለው መቁጠር ያለበት የደሙ ሰዓት ሳይሆን የሕዋሱ ሰዓት መሆኑ ሲታወቅ ነው፤ ያለቀው መድኃኒት ሕዋስ ውስጥ ታስሮ ደሙ ካጸዳው በኋላም ለሰዓታት ይሠራል።

አገራችን ውስጥ በ1997 ዓ.ም. የዕድሜ ማራዘሚያው በነጻ መታደል ሲጀምር ብዙዎች የጀመሩት በስታቩዲን ነበር። እሱም የታይሚዲን መንትያ ነው፤ ግን የሚቸገረው በተቃራኒው ነው። የመጀመሪያው እጅ ነው እያመነታ የሚቀበለው፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይቀልለታል። ካለቀ በኋላ ግን የሚያታልለው ቫይረሱን ብቻ አይደለም። በሕዋሱ የኃይል ማመንጫ፣ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይምም ይሳሳትለታል። ያኔ የብዙ ሰው ጉንጭ እንዴት እንደጎደጎደ፣ እግሩን እንዴት እንዳቃጠለው የሚያስታውስ ያስታውሳል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 አገሮች ቀስ በቀስ እንዲተዉት መከረ። ሕይወት አትርፏል፤ ይህን አልክድም። ሐሰተኛነቱ ግን ልኩን አልፎ ነበር።

ልኩን በማወቅ ላሚቩዲንን የሚያህል የለም። የእትዬ ኪኒን ውስጥ ካሉት አንዱ ነው፤ ጅማሬው በሞንትሪያል የበርናርድ ቤሎ ቡድን ሥራ ነው። ሁለት እጆቻችሁን አጋጥሙና እዩ፤ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ግን የቀኙን ጓንት ግራው አይለብሰውም። የተፈጥሮ ዘለበቶች ሁሉ በአንድ ወገን እጅ የተሠሩ ናቸው። ላሚቩዲን የሌላው ወገን እጅ ነው፣ በመስተዋት ውስጥ የሚታይ ሲቲዲን። ሦስተኛው ካርቦን በነበረበት ቦታም ድኝ ገብቶበታል፤ ማያያዣ ሊተከልበት አይችልም። ሠሪዎቹ መጀመሪያ ሁለቱን እጆች ቀላቅለው ነበር የሠሩት። ሲለያዩ የታየው ነገር ከልማድ ውጭ ነበር፤ ተፈጥሯዊ ያልሆነው ግራኙ ቫይረሱን በደንብ ያግዳል፣ ለሰው ሕዋስ ደግሞ ገሩ እሱ ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ የተቀባዮቹ ጠባይ ነው። ዲኦክሲሲቲዲን ካይኔዝ የሚባለው የመጀመሪያው እጅ ቀኝና ግራ አይለይም፤ የመስተዋቱን ምስል እንደ እውነተኛው አንሥቶ ያለብሰዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛውም ይከተሉታል። የቫይረሱ ገልባጭም ይሳሳታል። የማይቶኮንድሪያው ገልባጭ ግን ግራኙን እምብዛም አይቀበለውም። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ማን ዓይነ ሰፊ፣ ማን ዓይነ ጠባብ እንደሆነ አውቆ በመካከላቸው የሚያልፍ ዘለበት መምረጥ፣ ይህ ዕውቀት የተገኘው በሙከራ ብዛት መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጥሩ ዓይን ያለው ሰው ያስፈልገዋል።

አባካቪር ደግሞ ቆብ ደፍቶ የሚሄድ መድኃኒት ነው። ከበስተኋላው ያለው ካርቦቪር ነው፤ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ቪንስ የሠራው፣ ቫይረሱን የሚያግድ፣ ግን በአፍ ሲሰጥ በደንብ የማይሰርግ ሞለኪውል። የቤሮውስ ዌልካም ኬሚስቶች ሦስት ካርቦኖች የተያያዙባትን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ቆብ ጫኑበት። ቆቡ ለቅባት ይቀርባል፣ መድኃኒቱን ከአንጀት አሻግሮ ሕዋስ ውስጥ ያደርሰዋል። እዚያም የመጀመሪያውን ፎስፌት ከነቆቡ ይለብሳል። ቆቡ የሚወልቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚያወልቀው ኢንዛይም የሚያውቀው ፎስፌት የለበሰውን ብቻ ነውና። ሲወልቅ ካርቦቪር ሆኖ ይገለጣል፤ ቀሪዎቹን ሁለት ፎስፌቶች ጉዋኒን ያለበትን ዘለበት የሚያለብሱት ኢንዛይሞች ያለብሱታል። የቅደም ተከተሉን ውበት እዩልኝ፤ ቆቡ ቶሎ ቢወልቅ መግቢያ የለም፣ ጨርሶ ባይወልቅ ሥራ የለም፣ የሚወልቀውም በሩ ከኋላ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ከአሲክሎቪር በቀር እስካሁን ያየናቸው ሐሰተኛ ዘለበቶች ሁሉ የመጀመሪያውን ፎስፌት ከሕዋሱ ይለምናሉ። የፕራጉ ኬሚስት አንቶኒን ሆሊ ይህን ልመና ለማስቀረት አሰበ። ፎስፌቱን አስቀድሞ ገጥሞ መስጠት ብቻውን አይበቃም፤ በሰውነታችን ውስጥ ፎስፌት ከስኳር ጋር የተያያዘበትን የኦክስጅን ድልድይ የሚቆርጡ ኢንዛይሞች በየቦታው አሉ። ሆሊ ድልድዩን ቀየረው። ፎስፈረሱ በቀጥታ ከካርቦን ጋር የተያያዘበትን፣ እነዚያ መቀሶች የማይቆርጡትን መጋጠሚያ ሠራ። የስኳሩን ቀለበትም ፈትቶ ተጣጣፊ ክር አደረገው። በቤልጂየም ሌቨን የነበረው ኤሪክ ደ ክሌርክ ከፕራግ የሚላኩለትን ሞለኪውሎች በቫይረሶች ላይ ይፈትናቸው ነበር። ከዚህ ሽርክና የወጣው አንዱ ቴኖፎቪር ነው። ሕዋስ ውስጥ የሚጎድሉት ሁለት ፎስፌቶች ብቻ ናቸው፤ አንደኛውን አዴኒሌት ካይኔዝ ይሰጠዋል፣ በሁለተኛው ያልቃል። የሚከፈል ሕዋስ ይሁን ያረፈ፣ ብዙም ግድ የለው።

ግን ያ አስቀድሞ የተገጠመው ፎስፌት ቻርጁንም ይዞ ነው የመጣው፤ በቅባቱ በር ላይ ደግሞ ያው የጥንቱ ችግር ቆሟል። መፍትሔው መሸፈን ሆነ። እትዬ በሚውጡት ዓይነት፣ ዲሶፕሮክሲል በሚባለው፣ ሁለት የሚቆረጡ ሽፋኖች ቻርጁን ደብቀው መድኃኒቱን ከአንጀት ያሻግሩታል። ይህ በ2001 ተፈቀደ። ሽፋኖቹ ግን ስሶች ናቸው፤ ከአንጀት ወደ ደም ሲገባ አብዛኛው ቴኖፎቪር ተገልጦ ይዘዋወራል፣ ኩላሊትም ከደም እየለቀመ ያስገባዋል። ለዚህ ነው የኩላሊት ምርመራ የሚታዘዘው። ቀጥሎ የመጣው አላፌናሚድ የሚባለው ሽፋን ከዚያ የረቀቀ ነው። ደም ውስጥ ጸንቶ ይቆይና ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ካቴፕሲን ኤ የሚባል ኢንዛይም ይቆርጠዋል። መድኃኒቱ የሚገለጠው ሊሠራበት በሚገባው ቤት ውስጥ ነው። የመጠኑን ልዩነት ብናይ፣ 300 ሚሊግራም የነበረው 25 ሚሊግራም በቃው።

አንቶኒን ሆሊ ሐምሌ 16 ቀን 2012 አረፈ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቴኖፎቪር ያለበትን ኪኒን ቫይረሱ የሌለባቸው ሰዎች ለመከላከያ እንዲወስዱት የፈቀደው በዚያኑ ዕለት ነው።

ያለቀ ቴኖፎቪር ሕዋስ ውስጥ ይሰነብታል። ከመጠኑ ግማሹ ለመጉደል ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ወደ 150 ሰዓት፣ ስድስት ቀን ያህል ይወስድበታል። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ወደ 17 ቀን። ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለስ የለውም፣ ዲኤንኤም አይገለብጥም፣ ኤች አይ ቪም አይኖርበትም፤ ሆኖም ዘለበት የሚያለብሱ እጆች አሉትና የመጣለትን ያለብሳል። ከጣት ጫፍ የወሰዱትን ጠብታ ደም ወረቀት ላይ አድርቀው ቢለኩት፣ ሰውዬው ባለፉት ሳምንታት ኪኒኑን እንዴት ሲወስድ እንደቆየ ይነግራል።

ከዚያ ምሽት በኋላ ወደ እትዬ ቤት ስሄድ ይህን ሁሉ በቡና ላይ አወራኋቸው፤ ድሪውን፣ ማያያዣውን፣ የሚያለብሱትን እጆች። ዝም ብለው ሰሙኝ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ጠርሙሱን አንሥተው አንዷን መዳፋቸው ላይ ጣሏት።

«ታዲያ ያለፈው ሳምንቷ እስካሁን ውስጤ አለች በለኛ» አሉ።

«ቴኖፎቪሩ አለ፣ ግማሽ ያህሉ። አብሮት ያለው ላሚቩዲን ግን በአንድ ቀን ውስጥ ከግማሹ በላይ ይጎድላል። የየዕለቷ ለዚህ ነው።»

«የዛሬዋስ?»

«የዛሬዋ ገና አላለቀችም።»

ኪኒኗን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርገው አገላብጠው አዩዋት። ከዚያ አፋቸው ውስጥ ጨመሯትና ውሃ ተጎነጩባት።